ከፍሬስኖ ወደ ዋውሳ የተላከው ጠመንጃ

ፍሬስኖ፣ ካሊፎርኒያ
ሴፕቴምበር 12፣ 2024

ይድረስ ለእህቴ ለብሊያ፤

የአባታችንና የእናታችን ነፍስ ደጃፍሽን ይጠብቅ፤ የመድኃኒት ሥር የምታበቅዪበትን የጂንሰንግ ማሳሽን ውርጭ አይንካው፤ ልጅሽ ዬንግም ከነጉልበቱ ይክረምልሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጆሮዬ ግን ሊሄድ ምንም አልቀረው፤ ቀኙ ብቻ ጮክ ሲሉበት ይሰማል። ባለፈው ስትደውዪ የሰማሁት እንደ ንብ ያለ ጩኸት ብቻ ነበር። ስለዚህ ከእንግዲህ እንደ ስደተኛ ካምፑ ዘመን በወረቀት እንገናኝ። አንቺም ስትጽፊ ቶሎ አትቆጪም።

ፓ ኩ ካረፈች ዓመት ሊሞላት ነው። የነፍስ መሸኛውን ድግስ ሴቶቹ ልጆቼ ለኖቬምበር ቆርጠውታል። አሳማውን እነሱ ይገዛሉ። እኔ ደግሞ ባለቤቴ በሕይወቷ ከሁሉ አብልጣ የምትወደውን፣ በጠጅ ሣር የተቀቀለ የዛፍ ሽኮኮ በእጄ አድኜ ላቀርብላት ፈለግሁ። ይህን ብዬ ነው ጥይት ልገዛ የሄድኩት።

እዚህ እንደምታውቂው ጥይት ለመግዛትም መንግሥት ስምሽን ይመረምራል። ሻጩ ጢማም ወጣት ነው፣ ብራንት ይሉታል። መንጃ ፈቃዴን ተቀበለና ማሽኑን ነካካ።

«እምቢ ብሏል» አለኝ።

«ማን ነው እምቢ ያለው?»

«መንግሥት» አለ በጣቱ ወደ ማሽኑ እየጠቆመ። «ጠመንጃው የተመዘገበው ኔንግ ሙዋ በሚባል ሰው ስም ነው። ኔንግ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«መንጃ ፈቃዱ ደግሞ ቺያ ኔንግ ይላል።»

«እሱም እኔ ነኝ።»

ከኋላዬ የቆመ ወፍራም ሰውዬ ጮክ ባለ ድምፅ፣ «እኔ ሦስቴ አግብቼ ስሜን አልቀየርኩም፤ አንተ ምን ነካህ?» ብሎ ሱቁን አሳቀው። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። ሰው አግብቶ ልጅ ሲወልድ አማቶቹ የሽማግሌ ስም እንደሚጨምሩለት፣ «ቺያ»ን የሰጡኝ የፓ ኩ ወላጆች አሳማ አርደው፣ እጄ ላይ ክር አስረው መሆኑን ለዚያ ልጅ በየትኛው እንግሊዝኛዬ ልንገረው? ጠመንጃውን የገዛሁት ገና እንደመጣን በልጅነት ስሜ ነበር። ዜግነት ስወስድ ነው ሙሉውን ስም ያስገባሁት።

ብራንት ክፉ ልጅ አይደለም። «ወይ መዝገቡ እንዲታረም ለሳክራሜንቶ ይጻፉ፤ ወይ መንጃ ፈቃዱን ወደ ድሮው ስም ይመልሱ። ሁለተኛው ይቀላል» አለኝ።

ይቀላል አለኝ። ባዶ እጄን ተመለስኩ።

አንቺ ምን ትዪኛለሽ? ዬንግስ ያድናል? ስለ እሱ ከጻፍሽልኝ ቆየሽ።

ወንድምሽ
ቺያ ኔንግ


ዋውሳ፣ ዊስኮንሲን
ሴፕቴምበር 24፣ 2024

ይድረስ ከአባቴ ቀጥሎ አባቴ ለሆኑት፣ ለታላቅ ወንድሜ ለቺያ ኔንግ፤

ጤናዎ ይመለስ፣ ዓይንዎ ይብራ፣ የሚሄዱበት ዱር በበጎ ይቀበልዎ። እኛ ደህና ነን። የጂንሰንጉ ሥር ዘንድሮ ወፍራም ነው፤ ጀርባዬ ግን ሰው አልሆነም።

ደብዳቤዎን አንብቤ በጣም ተቆጣሁ። በወረቀት ላይ አትቆጪም ያሉት ስተዋል። ላኦስ ውስጥ ለአሜሪካ ጦር በልጅነቱ የተዋጋ ሰው ለሽኮኮ ጥይት ስሙን ቀይር ይባላል? ስሙን የሰጡዎት አማቶችዎ ናቸው፤ ፓ ኩም ብትሰማ አትወድም። በምንም ዓይነት እንዳይመልሱ።

እኛ ጋ እንዲህ ያለ ጣጣ የለም። ጥይት እንደ ጨው ነው የሚገዛው። ትናንት እኔው ራሴ ገብቼ አየሁት፤ ከዓሣ መንጠቆው አጠገብ ተደርድሯል። «ምን ያህል ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ ልጅቷ። ስሜንም አልጠየቀችኝም። ሁለት ፓኮ ገዛሁልዎ። ዬንግ ውጭ መኪና ውስጥ ሆኖ ጠበቀኝ። የክረምት ካልሲ ውስጥ ጠቅልዬ በፖስታ ልልክልዎ ነው።

ዬንግ ደህና ነው። የመስኮት ፋብሪካው የሌሊት ተራ ሰጥቶታል። እጅ ይነሳል።

ታናሽዎ
ብሊያ


ፍሬስኖ
ኖቬምበር 20፣ 2024

ለእህቴ ለብሊያ፤

ሰላም ከቤትሽ አይራቅ፤ ክረምቱም ይቅለልሽ። ያን ካልሲ ፖስታ ቤት እንዳታደርሺው ልጄ በስልክ የነገረችሽ ይመስለኛል። ደግመሽ እንዳታስቢው። ከሌላ ክፍለ ግዛት በፖስታ የመጣ ጥይት ቤቴ ቢገኝ ጥፋተኛው እኔ ነኝ። ደግሞ ያንቺ ጥይት ከእርሳስ ብረት የተሠራ ነው። እዚህ እርሳስ የያዘ ጥይት ለአደን ተከልክሏል፤ የሞተውን አውሬ የሚበሉት ትልልቅ አሞራዎች ይታመማሉ ተብሎ። አሞራ እንኳ ጠበቃ ያላት አገር ነው የምኖረው።

ስሜ ተስተካከለ። የጋብቻ ወረቀቴን፣ የዜግነት ወረቀቴን፣ የመንጃ ፈቃዴን ግልባጭ ሁሉ ላክሁ። መልሱ ሲመጣ ወደ ብራንት ሄድኩ። ማሽኑን ነካካና እጄን ጨበጠኝ።

«እንኳን ደስ አለዎት፤ አንድ ሰው ሆነዋል» አለኝ።

ድግሱ በደህና አለፈ። ፓ ኩም በሰላም የሄደች ይመስለኛል። ሽኮኮ ግን አልቀረበላትም። ምክንያቱን ለልጆቼ አልነገርኳቸውም፤ ላንቺ እነግርሻለሁ።

በማለዳ ወደ ተራራው ወጣሁ፤ ድሮ ከፓ ኩ አባት ጋር የምንቀመጥበት የጥድ ሥር ተቀመጥኩ። ከቁጥቋጦው በላይ ቡናማ ነገር ተንቀሳቀሰ። ጠመንጃውን አነሳሁ። ምላጩ ላይ ጣቴን አሳረፍኩ፤ ትንፋሼን ያዝኩ። ያ ቡናማ ነገር ቀና አለ፤ ቡናማ ቆብ ያደረገች ሴት ነበረች። እንጉዳይ ትለቅማለች። አላየችኝም። ስትጣራ ነበር መሰለኝ፣ ከኋላዋ ባለቤቷ መጣ፤ እኔ ግን ምንም አልሰማሁም። ጥይቱን አውጥቼ ኪሴ ከተትኩና እነሱ እስኪሄዱ እዚያው ተቀመጥኩ።

ብሊያ፣ ዓይንም ጆሮም ከሄደ በኋላ ጠመንጃ የሚይዝ ሰው ሞኝ ነው። አበቃሁ። ወንድ ልጅ የለኝም፤ የልጆቼ ባሎችም ሥጋ የሚያውቁት በላስቲክ ተጠቅልሎ ነው። ጠመንጃው ለእህቴ ልጅ ይሁን ብያለሁ። ዬንግ ይውሰደው። ሕጉን አሁን ጠንቅቄ አውቀዋለሁ፤ እኔ እዚህ ላለው ሱቅ አስረክባለሁ፣ እነሱ እናንተ ጋ ላለ ሱቅ ይልካሉ። ዬንግን ጠይቂውና መልሱን ቶሎ ላኪልኝ።

ወንድምሽ
ቺያ ኔንግ


ዋውሳ
ጃንዋሪ 9፣ 2025

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፤

የአዲሱ ዓመት በረከት ከቤትዎ ይግባ። መልሴ ስለዘገየ ይቅር ይበሉኝ። በረዶው ከመስኮቱ በላይ ሆኖ ነበር፤ እኔም ትንሽ አሞኝ ነበር።

ያች ሴት ስለተረፈች፣ እርስዎም ስለተረፉ የዶሮ ደም አፍስሼ አመሰገንኩ። እንኳን ተዉት።

ስለ ጠመንጃው፣ ዬንግ በጣም አክብሮዎታል። ነገር ግን ሥራ በዝቶበታል። ደግሞ አደንም ያን ያህል አይወድም። ቤታችንም ጠባብ ነው፤ ማስቀመጫ የለንም። አሁን አሁን እዚህም ሕጉ ጠንክሯል ይላሉ፤ የሚጠይቁት ጥያቄ ብዙ ነው። ለልጆችዎ ባሎች ቢሰጡትስ? ባያድኑበትም ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል። ወይም ቢሸጡትስ? ማንም ቅር አይለውም።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ትልቋ ልጅዎ የኢሚግሬሽን ጉዳይ የምትይዝ ጠበቃ ታውቅ ነበር አይደል? የሷን ስልክ ቢልኩልኝ። ለጎረቤቴ ነው።

ታናሽዎ
ብሊያ


ፍሬስኖ
ጃንዋሪ 18፣ 2025

ለእህቴ ለብሊያ፤

ምሕረት ይምጣልሽ። የጠበቃዋን ስልክ ልጄ በትልልቁ ጽፋ ከዚህ ጋር አያይዛዋለች። ጎረቤትሽ ምን ገጠማት? የኛ ሰው ናት?

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያ እናንተ ጋ እንደ ጨው ነው አልሽኝ። አሁን ሕጉ ጠንክሯል ትያለሽ። ብራንትን ጠየቅሁት፤ «ዊስኮንሲን ውስጥ ምንም የተለወጠ ነገር አልሰማሁም» አለኝ። ዬንግ አይወድም አልሽ። ልጁ እዚህ ለክረምት ዕረፍት በመጣ ጊዜ ከኔ ጋር አደን ካልሄድኩ ብሎ ጫማውን እንዳደረገ የተኛውን እኔ ነኝ ያቀፍኩት። ሰው ይለወጣል፣ እሺ። ግን አጎቱ የሰጠውን ራሱ «አልፈልግም» ይበለኝ እንጂ በእናቱ አፍ አይደለም።

ምናልባት ጠመንጃውን መውሰድ የልጆቼን ድርሻ መንካት መስሎሽ አፍረሽ ይሆናል። ለሌላው ይገባል፣ ለኛ አይገባም ብለሽ። ተዪው ይህን።

የሆነው ሆኗል፤ መልስሽ ሲዘገይ እሺ ማለት ነው ብዬ ከገና በፊት ልኬዋለሁ። እናንተ ጋ ከወንዙ ማዶ ያለው የአደን ዕቃ ሱቅ ነው የተቀበለው፤ የዬንግን ስልክ ሰጥቻቸዋለሁ፣ ይደውሉለታል። እሱ ማድረግ ያለበት መታወቂያውን ይዞ መሄድ፣ አንድ ወረቀት መሙላት፣ ሻጩ ስልክ ደውሎ እስኪያጣራ መጠበቅ ብቻ ነው። ጥያቄዎቹን እኔም ሞልቼአቸዋለሁ። ለንጹሕ ሰው ቀላል ናቸው።

ሰደፉ ላይ ያለውን ጭረት እንዳያስወግደው። ፓ ኩ ናት ጥላው የጫረችው።

ወንድምሽ
ቺያ ኔንግ


ዋውሳ
ፌብሩዋሪ 11፣ 2025

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፤

በዚህ ደብዳቤ በረከት የምጠራበት አፍ የለኝም። እርስዎ ግን ደህና ይሁኑ።

ጎረቤት የለም፤ ዬንግ ነው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው ከጓደኞቹ ጋር መኪና ውስጥ ነበር። ሦስቱ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሰብረው ገቡ፤ እሱ መሪው ላይ ተቀምጦ ጠበቃቸው። መንግሥት ያቆመለት ጠበቃ «ጥፋተኛ ነኝ በል፣ ቶሎ ትወጣለህ» አለው። አለ። ከባድ ወንጀል ብለው መዘገቡት፤ አንድ ዓመት ታሰረ። ያኔ እርስዎን «ሚኒሶታ ሥራ አግኝቶ ሄዷል» ያልኩዎት እስር ቤት በነበረበት ጊዜ ነው። ሲወጣ ደግሞ ዳኛው ከአገር ይውጣ ብለው ፈረዱ። ላኦስ አልቀበልም ስላለች ብቻ እዚህ ተተወ። በየዓመቱ ሚልዋኪ ኢሚግሬሽን ቢሮ ሄዶ ፊቱን ያሳያል።

እኔ የዜግነቱን ፈተና ፈርቼ ሳራዝም፣ ዛሬ ነገ ስል፣ ልጁ አሥራ ስምንት አለፈው። ቀድሜ ወስጄ ቢሆን እሱም ከኔ ጋር ዜጋ ይሆን ነበር። ይህን ማታ ማታ እኔ ብቻ ነኝ የማስበው፤ እሱ አንድም ቀን አላነሳብኝም።

እንዲህ ለተፈረደበት ሰው መሣሪያ ክልክል ነው፤ ጠመንጃ ቀርቶ አንድ ፍሬ ጥይት ኪሱ ቢገኝ ያበቃል። ጥይት ልገዛልዎ ስገባ ውጭ የቀረው ለዚህ ነው። እኔም ስመለስ ፓኮዎቹን ይዤ ቤት መግባት ፈርቼ ማሳውን ላከራየኝ ሰው ሰጠኋቸው፤ ለእርስዎ ግን «ልልክ ነው» ብዬ ጻፍኩ።

የመጨረሻ ደብዳቤዎን ከዱቄቱ ሥር ደበቅሁት። ሱቁ ግን ዬንግ ጋ ደወለ። ቅዳሜ ዕለት ሳይነግረኝ ወጣ። አልጋው ላይ ሥራ የሚሄድበት ጃኬት ቀርቶ፣ ለሠርግ የሚለብሰው ካፖርት ስላልነበረ ልቤ ነገረኝ። በጭነት መኪናዬ ተከተልኩት።

ስገባ የሱቁ ጥግ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ጠመንጃዎ ባንኮኒው ላይ ተጋድሟል። ስሙን ጽፏል፣ አድራሻውን ጽፏል፤ ጥያቄዎቹ ጋ ሲደርስ ቆሟል። ብዕሩ እጁ ውስጥ ነው። አጠገቡ ተቀመጥኩና በኛ ቋንቋ ቀስ ብዬ፣

«ልጄ፣ ተነስ እንሂድ» አልኩት።

«እማ፣ ‹አልተፈረደብኝም› ብዬ ብሞላ ሌላ ወንጀል ነው፤ አውቃለሁ» አለኝ። «‹ተፈርዶብኛል› ብዬ ብሞላ ሰውዬው ዕቃውን ይመልሰዋል፤ አጎቴም ለምን ተመለሰ ይላል። እስከዛሬ እሱ ፊት ንጹሕ ነበርኩ።»

«እኔ እነግረዋለሁ።»

«ስንት ዓመት እነግረዋለሁ ስትዪ ነበር?»

ባለ ሱቁ ሽማግሌ ነው፤ ሃርላን ይባላል። ቋንቋችንን አይሰማም፤ ፊታችንን ግን አይቷል። መጣና ወረቀቱን ሳያነብ በመዳፉ ሸፈነው። «ጎበዝ፣ ይህን ዛሬ መሙላት ግዴታህ አይደለም። ያልተፈረመ ወረቀት ምንም አይደለም» አለው።

ዬንግ ብዕሩን አስቀመጠ። ከዚያ ተነስቶ፣ «የኔ አይደለም። ለባለቤቱ ይመለስ» አለ። ሊወጣ ሲል ወደ ባንኮኒው ዞሮ ጠመንጃውን አየው። እጁን ዘረጋ፤ ሳይነካው መልሶ ሰበሰበው። «ጭረቱን አየሁት፤ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፣ የአክስቴ ነው» አለኝ መኪናው ጋ ስንደርስ።

ማርች 13 ቀን ሚልዋኪ ቀጠሮ አለው። ዘንድሮ እዚያ ገብተው ያልወጡ አሉ። የምናውቃት አንዲት እናት ልጇን በር ላይ ስትጠብቅ ውላ፣ ማታ የመኪናውን ቁልፍ ብቻ ሰጧት። ዬንግ የተወለደው ታይላንድ ካምፕ ውስጥ ነው፤ ላኦስን በዓይኑ አላያትም። ጠበቃዋ «እሞክራለሁ» ብላለች። አለመሄድ አይቻልም፤ አልሄድም ቢል ፋብሪካው ድረስ መጥተው ይወስዱታል።

ከእርስዎ ምንም አልጠይቅም። ላሳፍርዎ አልፈለግሁም ነበር፤ ይኸው አሳፈርኩዎ። ቢቆጡም መልስ ብቻ አይንፈጉኝ።

ታናሽዎ
ብሊያ


ፍሬስኖ
ማርች 2፣ 2025

ለእህቴ ለብሊያ፣ ለእህቴም ልጅ ለዬንግ፤

የሞቱብን ሁሉ ከፊታችሁ ይሂዱ፣ በሕይወት ያለን ደግሞ ከኋላችሁ እንቁም።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰንብቷል። መጀመሪያ በጣም ተቆጥቼ ነበር፤ ለመጻፍ ተቀምጬ ሁለቴ ቀድጄዋለሁ። የተቆጣሁት በልጁ አይደለም። ያን ሁሉ ዓመት ስለ እሱ ስጠይቅሽ «ደህና ነው» እያልሽ ብቻሽን ስትሸከሚው በመኖርሽ ነው። እኔ ምን ልሆን ነበር? ከቤተ ዘመድ አስወጣዋለሁ ብለሽ ነው? በኋላ ግን ራሴ የጻፍኩልሽን አስታወስኩ። ለንጹሕ ሰው ቀላል ናቸው ብዬሻለሁ። እንዲህ የሚል ወንድም ላላት ሴት ዝም ማለት ሳይሻል አይቀርም። ያችን ቃል ከወረቀቱ ላይ ብልሳት ደስ ይለኝ ነበር።

ጠመንጃው ተመልሷል። የገዛ ጠመንጃዬን ለመረከብ እንደገና ተመርምሬ፣ እንደገና መጠበቅ አለብኝ ተባልኩ። ብራንትን «ሽጡት» አልኩት።

«አባት፣ እርግጠኛ ነዎት? መጠበቁ እኮ ብዙ አይደለም» አለኝ።

«መንገድ አለብኝ፤ መጠበቅ አልችልም» አልኩት።

ከኛው ሰዎች አንዱ፣ ሁለት ወንዶች ልጆች ያሉት፣ በማግስቱ ገዛው። በሰጠኝ ላይ ትንሽ ጨምሬ የአውቶቡስ ትኬት ቆርጫለሁ። ትልቋ ልጄ «አባ፣ በዚህ ዕድሜ በአውቶቡስ? በዚያ በረዶ?» ብላ አለቀሰች። ከዚያ የሱፍ ሱሪ ገዝታ መጣች።

ሚልዋኪ ሦስታችን እንሄዳለን። የሠራዊቱን ወረቀት፣ የዜግነቴን ወረቀት፣ ሁሉንም ይዣለሁ። የሚሰማኝ አገኛለሁ ብዬ አይደለም፤ እኔም የሚሉኝን አልሰማም። ግን ልጁ ሲጠራ ብቻውን አይነሳም። ውስጥ አትገባም ካሉኝ በሩ ላይ እቆማለሁ። መንግሥት ፊት ቆሜ «ይህ ሰው እኔ ነኝ» ማለትን ዘንድሮ በደንብ ተለማምጄዋለሁ፤ «ይህ ልጅ የኔ ነው» ማለት ከዚያ አይከብድም።

ዬንግ፣ ይህ ላንተ ነው። ሱቁ ውስጥ ያደረግኸውን እናትህ ጽፋልኛለች። አንተ ፊቴ የጎደልክ መስሎህ ነው የተነሳኸው። እኔ ሳነበው ግን እንደዚያ አልሆነልኝም። ጣትህን ከምላጭ ላይ ማንሳት ምን ያህል እንደሚከብድ ባለፈው መከር አይቼዋለሁ።

የምንፈራው ከደረሰ ደግሞ ስማኝ። ላኦስ አንተ አታውቃትም፤ ቋንቋዋን አትናገርም፤ እዚያ የሚቀበልህ ሰው የለህም። እኔ ግን አውቃታለሁ። ሸሽቼ የወጣሁባት አገር ናት፤ ተመልሼ እረግጣታለሁ ብዬ አላስብም ነበር። ፓስፖርት አውጥቻለሁ። ካባረሩህ በሌላ አውሮፕላን እከተልሃለሁ። ሽማግሌ ነኝ፣ የትም ብቀመጥ አንድ ነው፤ መንገዱን ካሳየሁህና ቋንቋው ከገባህ በኋላ የፈለግኸውን ታደርጋለህ። ይህን ያልኩት እንዲሆን አይደለም። ሌሊት ስታስበው ከፊትህ ባዶ ሜዳ እንዳይመስልህ ነው።

ብሊያ፣ ምግብ ብለሽ አትድከሚ። ማርች 11 ቀን፣ ማክሰኞ ማለዳ ዋውሳ እደርሳለሁ። መናኸሪያው ድረስ ዬንግ ብቻውን ይምጣ። አንቺ ቤት ቆዪ፤ እኔና እሱ መንገድ ላይ የምንነጋገረው አለን። ከቀኝ ጆሮዬ ጋ ጮክ ብሎ ካወራኝ እሰማዋለሁ።

ወንድምሽ፣ አጎትህም
ቺያ ኔንግ ሙዋ